የግራው በር ይደክማል

መጋቢት 12 ቀን 1986 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለሥራ ማስታወሻ ነበር፤ ግን ዛሬ ያየሁትን በሥራ ቋንቋ መጻፍ አልችልም። መጡ! ከአልዌሮ ግድብ መጡ!

ግድቡ ላይ ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ አገሩ ሲገባ ትቷቸው የሄደው ሁለት ድምፅ ማጉያዎች፣ ስንት ዓመት መጋዘን ተኝተው ኖረው ዛሬ በጭነት መኪና ጋምቤላ ገቡ። ድምፅ ማጉያ ስል ሣጥን እንዳይመስል። ሣጥን የሚባል ነገር የላቸውም። እያንዳንዳቸው የቤት በር ያክላሉ፤ ቁመታቸው ይበልጠኛል፣ ውፍረታቸው ሁለት ጣት ነው። በእንጨት ፍሬም ላይ ስስ ላስቲክ ተወጥሯል፣ ላስቲኩ ላይ ከፀጉር የማይወፍር ሽቦ ወርዶ ወጥቶ ተለጥፏል፣ ከላይ ጨርቅ ለብሷል። ድምፅ ሲሰጡ ላስቲኩ በሙሉ ይንቀጠቀጣል። ዘበኛው ሲወርዱ አይቶ «በር አስመጣችሁ? መቃኑስ የታለ?» አለ። ከዚያ ወዲያ ስማቸው በር ሆኖ ቀረ፤ የግራው በር፣ የቀኙ በር።

አብሯቸው አንድ አምፕሊፋየር (ለበሮቹ ኃይል የሚሰጠው፤ ለብቻዬ ማንሳት አልቻልኩም)፣ አንድ የሪል ቴፕ ማጫወቻና አርባ አንድ ጥቅል የቴፕ ክር መጥቷል። ክሩ መሐንዲሱ በትርፍ ጊዜው መንደር ለመንደር እየዞረ የቀዳው የአኙዋክ፣ የኑዌርና የመዠንገር ዘፈን ነው።

ከሰዓት በኋላ የባህል ቢሮአችን ኃላፊ አቶ ፓል አስጠራኝ። ወጣት ነው፤ ኑዌር ነው፤ ሲናገር ድምፁን ከፍ አያደርግም። «የጓሮውን አዳራሽ የማዳመጫ ክፍል አድርግልኝ» አለ። «ግንቦት 6 ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ክልላችን ገና አዲስ ነው፤ የራሳቸውን ዘፈን በራሳቸው ቢሮ ቁጭ ብለው ይስሙ። ከዚያ በኋላ ዝናብ ነው፤ ቆርቆሮ ሥር ማንም ማንንም አይሰማም። ካልተሳካ ንብረት ክፍል አዳራሹን ለመጋዘን ጠይቆኛል፤ እሰጠዋለሁ። ጎግ ወረዳ ደግሞ የሬዲዮ ጠጋኝ ይፈልጋሉ።» የመጨረሻዋን ለስለስ አድርጎ ነው የተናገራት፤ ግን ገብታኛለች። አዳራሹ መጋዘን ከሆነ እኔ ጎግ ነኝ።

አይሆንማ! ጆሮው ወንዳፈረው እያለሁ? በሰፈራ ከወሎ አቦቦ ስንመጣ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ትራክተር ከሩቅ ሲመጣ ድምፁን ሰምቼ ምኑ እንደላላ እናገር ነበር። ጆሮው የሚለውን ስም ያወጡልኝ ያኔ ነው።

ወባው ከለቀቀኝ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ጆሮዬ ጭው ማለቱንም ትቷል ማለት ይቻላል።

መጋቢት 13፣ ማክሰኞ

የንብረት ክፍሉ ጋሽ ወልደሥላሴ ቀድመውኝ ገብተዋል። ሃያ ሁለት ዓመት በመንግሥት ሥራ የቆዩ ሰው ናቸው፤ ለእሳቸው ዕቃ ማለት ግድግዳ የተደገፈ ነገር ነው። ወንበር ግድግዳ ዳር፣ ጠረጴዛ ግድግዳ ዳር፣ ቁምሣጥን ግድግዳ ዳር። በሮቼንም ከኋለኛው ግድግዳ ጋር አጣብቀው አቁመዋቸዋል። ያ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! በአንድ እጃቸው የቀይ ቀለም ቆርቆሮ፣ በሌላው ብሩሽ ይዘው ጨርቁ ላይ የንብረት ቁጥር ሊጽፉ ተዘጋጅተዋል።

«ጋሽ ወልደሥላሴ! እባክዎ!» ብዬ መሐል ገባሁ።

«ቁጥር የሌለው ንብረት ንብረት አይደለም» አሉኝ።

«ቀለም የነካው ላስቲክም ድምፅ ማጉያ አይደለም!»

በስንት ልመና እንጨቱ ግርጌ ላይ ጻፉ፤ 46 እና 47። ቀለሙ ሸሚዜም ላይ አለ። የቢሮው ጀነሬተር የሚነሳው ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ሮጥኩ። የመጀመሪያውን ጥቅል ክር፣ ሪል የምንለውን፣ ሰቀልኩ። ከበርሜል ውስጥ እንደሚያወራ ሰው! ይህ ሁሉ ጉጉት ለዚህ ነው? ምሳ አልበላሁም።

መጋቢት 15፣ ሐሙስ

የግራው በር ይደክማል።

በሬዲዮ ዜና ሞከርኩ፤ ዜና ከሁለቱም እኩል ነው መውጣት ያለበት። ወደ ቀኝ ይጎተታል። ሽቦዎቹን አቀያየርኩ። ያው ነው፤ አሁንም የግራው ይደክማል። ሽቦ አይደለም፣ አምፕሊፋየርም አይደለም ማለት ነው። ሽቦዎቹን ወደ ቦታቸው መለስኩ። ራሴን እያከክሁ ዙሪያዬን ሳይ መስኮቱ ታየኝ። የአዳራሹ ግራ ግድግዳ መስኮት አለው፣ መስታወት የለውም፣ የወባ ትንኝ ወንፊት ብቻ ነው። ቀኙ ግን ድፍን ብሎኬት ነው። ድምፁ በወንፊቱ እየሾለከ ባሮ ወንዝ እየወረደ ነው! እንዴት ደስ እንዳለኝ። ነገ ሰሌን አሰቅላለሁ።

ኦጆት ተመድቦልኛል። አኙዋክ ነው፣ በእድሜ ከእኔ ያንሳል፣ አዲስ አበባ የሦስት ወር ኮርስ ወስዷል። ኢታንግ ስላደገ ኑዌርኛም አቀላጥፎ ይናገራል። የዘፈኑን ዝርዝር በካርድ ላይ የምንጽፈው አብረን ነው። ዝም ያለ ሰው ነው። ቦታዬን እንዲረከብ እንደመደቡልኝ ግን ይገባኛል።

መጋቢት 19፣ ሰኞ

ዛሬ የሆነውን!

ጠዋት ስገባ የግራው በር እግር ሥር ጭቃ መሰል መስመር አየሁ። ምስጥ! ግድግዳውን ተከትሎ ወርዶ ፍሬሙን ሊጀምር ሲል ደረስኩበት። ጋምቤላ የኖረ ሰው ሁሉ አልጋውን ከግድግዳ የሚያርቀው ለምን ሆነና! ጋሽ ወልደሥላሴን ሳላስፈቅድ ከኦጆት ጋር ሆነን ሁለቱንም በሮች ጎትተን መሐል ወለል ላይ አቆምናቸው። ጀነሬተሩ ተነሳ፤ ናፍታው እንዳይባክን ብዬ እንደቆሙ ከፈትኩት።

አምላኬ! በርሜሉ ጠፋ። ግድግዳው ራሱ የጠፋ መሰለኝ። ከከበሮው ጀርባ ሜዳ አለ፣ ከሜዳው ወዲያ የሚያጨበጭቡ ሰዎች አሉ፣ አንድ ውሻም ሩቅ ይጮሃል። ኦጆት ከወንበሩ ተነስቶ በሮቹን ዞሮ ከኋላ አየ። «ከኋላም ይዘፍናል» አለኝ። አዎ! የተወጠረ ላስቲክ ወደፊት ሲገፋ ወደኋላም ይገፋል። ከኋላው ግድግዳ ከተጣበቀ የኋላ ድምፁ ታፍኖ ይመለስና የፊቱን ያደፈርሰዋል። ግድግዳውን ማራቅ! ለካ ነገሩ ሁሉ እሱ ነው! ምስጥ ያስተማረው የመጀመሪያው ቴክኒሻን እኔ ሳልሆን አልቀርም።

መጋቢት 22፣ ሐሙስ

ከካርቶኑ ውስጥ መመሪያው ተገኘ። በማላውቀው ቋንቋ ነው፤ ምስጥ ግማሹን በልቶታል። ሥዕሉ ግን አለ፤ ሁለት በር፣ አንድ የተቀመጠ ሰው። ከግድግዳ ምን ያህል ይራቅ የሚለው ቁጥር ጋ ቀዳዳ ነው። ግድ የለም፣ ጆሮ አለን! በገመድና በጠመኔ ወለሉን አሰመርነው። አንድ ሜትር፦ ይጎረብጣል። አንድ ሜትር ተኩል፦ ተሻለ። ሁለት ሜትር ከሩብ፦ እሱ ነው! ሁለቱንም ወደ አድማጩ ትንሽ አዘነበልናቸው፣ ሁለት ሰዎች ወሬ ሲያወሩ ወደ ሦስተኛው ዘወር እንደሚሉት።

የግራው አሁንም ይደክማል። ሰሌኑ አልበቃም። ብርድ ልብስ እጨምራለሁ።

መጋቢት 24፣ ቅዳሜ

ማታ ከባለቤቴ ከሺታዬ ጋር በባሮ ድልድይ ላይ በእግር ተሻገርን። ከጤና ጣቢያ ስትወጣ ጠብቄያት ነው፤ ነርስ ናት፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው። እኔ ስለ ሁለት ሜትር ከሩብ እያወራሁ ነበር። በግራዬ ሆና አንድ ነገር አለችኝ፤ መኪና ያልፋል፣ እኔም ሐሳቤ ክፍሉ ጋ ነበር። «እሺ፣ ቅዳሜ» አልኳት። ቆም ብላ አየችኝ። ከዚያ ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ምን አጠፋሁ? ላምባ አምጣ ብላኝ ይሆናል።

መጋቢት 28፣ ረቡዕ

ሪል 17። የመክፈቻችን ዘፈን ተገኘ!

የኢታንግ ሴት ናት፤ ካርቶኑ ላይ ኛማል ተብሎ ተጽፏል። ድምፅ ማለት ይሄ ነው! ስትጀምር ኦጆት የያዘውን ብዕር ጣለ። አቶ ፓል ስሟን ሲሰማ ትንሽ ዝም አለ፤ ከዚያ «አለች፣ በሕይወት አለች፣ መኪና ልከን እናመጣታለን» አለ። አስበው፣ ራሷ ቁጭ ብላ ራሷን ስትሰማ!

ካርዱን እኔ ጻፍኩት፤ «ቁጥር 17። ኛማል። ብቻዋን።»

ኦጆት አየና «ብቻዋን አይደለችም። ሁለት ሰው ናቸው» አለ።

«የት?»

«በዚህ በኩል» ብሎ ወደ መስኮቱ አመለከተ። «ሌላ ሴት አለች። ቀስ ብላ ትመልስላታለች።»

ዐይኔን ጨፍኜ ሰማሁ። የሆነ ጉምጉምታ አለ እንጂ ሴት የለችም። «እሱ ጀነሬተሩ ነው» አልኩት። ተከራከረኝ አልልም። ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ካርዱን መለሰልኝ። የሦስት ወር ኮርስና የአሥር ዓመት ጆሮ አንድ አይደሉም፤ ይህን በደግነት ላስረዳው ሞክሬያለሁ።

ሚያዝያ 3፣ ሰኞ

ጀነሬተሩን ሃምሳ ሜትር ወደ ማንጎው ዛፍ አራቅነው። ስድስት ሰው ነው የገፋው። ጋሽ ወልደሥላሴ የንብረት ማዘዋወሪያ ቅጽ አስፈረሙኝ። ጉምጉምታው ግን አልሄደም። በምድር ውስጥ ይመጣል እንዴ?

ሙቀቱ አርባ አንድ ነው። ላስቲኩ እንዳይላላ ፈራሁ።

ሚያዝያ 5፣ ረቡዕ

ኛማል መሐል አልቆም አለች። ድምጿ ከሁለቱ በሮች መካከል መቆም አለበት፤ እሷ ግን ወደ ቀኝ ትሸሻለች። ባላንሱን፣ ማለት ግራና ቀኝ የሚያመጣጥነውን ቁልፍ፣ ወደ ግራ ጨመርኩ። ቀረበች። ሌላ ትንሽ ጨመርኩ።

አቶ ፓል ገብቶ ሁለት ደቂቃ ሰማና ወጣ። ኮሪደር ላይ ለጸሐፊዋ «ለምንድነው ሁሉ ነገር ከመስኮቱ በኩል የሚመጣው?» ሲል ሰማሁት። ከመስኮቱ በኩል! በዚያ በኩል እኮ ነው የሚደክመው። ጆሮው ገና አልሰለጠነም። ደግሞ «ከክልሉ ልጆች ቴክኒሻን የሚሆን...» ሲል ጆሮዬ ጥልቅ አለ፤ የቀረውን በሩ ዘጋው።

ስለ ኦጆት ነው። ሌላ ስለ ማን ይሆናል?

ሚያዝያ 12፣ ረቡዕ

ሺታዬ መንገድ ላይ ሁልጊዜ በቀኜ በኩል መሄድ ጀምራለች። እኔ ወደ ቀኝ ስል ዞራ ትመጣለች። ምን እንደነካት እንጃ። ዘንድሮ ሁዳዴንም አልያዘችም፤ «ሐኪም ከልክሎኛል» ትላለች፤ ሐኪሙ ማነው ብላት «እኔ ራሴ» አለች። ጥሬ ማንጎ በጨው ስትበላ ውላ ታመሻለች። ኩርፊያዋ አልለቀቃትም። ክፍሉ ይከፈት እንጂ በደንብ እክሳታለሁ።

ዛሬ ኦጆት ከኋላዬ ሦስት ጊዜ ጠርቶኝ አልሰማሁም አለ። ሐሳብ ላይ ነበርኩ።

ሚያዝያ 17፣ ሰኞ

ዛሬ ቁርጡን አወቅሁ ልበል። ሽቦዎቹን በየቦታቸው ትተን በሮቹን ራሳቸውን አቀያየርናቸው። 46ን ተሸክመን ወደ ቀኝ፣ 47ን ወደ ግራ። የታመመው ላስቲክ ቦታ ሲቀይር ድካሙም አብሮት መሄድ ነበረበት። ከፈትን።

የግራው ይደክማል።

የትኛውም በር በግራዬ ሲቆም ይደክማል! ታዲያ ጥፋቱ የአዳራሹ ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? የግራውን ወደ ወንበሩ አርባ ሳንቲም አቀረብኩት፣ ባላንሱን ወደ ግራ ዳር አደረስኩት። አሁን ኛማል መሐል ላይ ቆመች! ጮህኩ፣ ኦጆትን አቀፍኩት። እሱ ግን ጣቱን ግራ ጆሮው ላይ አድርጎ ነበር። «ጋሽ ወንዴ፣ በዚህ በኩል በጣም ትልቅ ነው» አለ። በጣም ትልቅ! አንዳንድ ሰው እኩል የሆነ ነገር ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ይደነግጣል።

ሚያዝያ 23፣ ፋሲካ

አቦቦ ወላጆቼ ጋ ዋልን። እናቴ ሺታዬን ከላይ እስከ ታች አይታ፣ ጉንጮቿን ይዛ ሳመቻት፣ በጆሮዋ ሹክ አለቻት። ሁለቱም ወደ እኔ አይተው ወደ ጓዳ ገቡ። ሴቶች!

አሥራ ሦስት ቀን ቀረኝ።

ሚያዝያ 25፣ ማክሰኞ

የአቀማመጡን ፕላን በካርቶን ሠርቼ፣ በእርሳስ አሳምሬ ለአቶ ፓል አቀረብኩ። የበሮቹ ቦታ፣ የሽማግሌዎቹ ወንበር፣ ከሁሉ ፊት ደግሞ ጨርቅ የለበሰው ረጅም ሶፋ፤ ጎን ለጎን የክብር እንግዳዋ እማማ ኛማልና ኃላፊው ራሱ። ይደሰታል ብዬ ነበር።

ፕላኑን ረጅም ጊዜ አየ። ፊቱ ተቀያየረ። «ይሄ አይሆንም» አለ። «እሷ ካለች እኔ አልገባም።» ካርቶኑን መለሰልኝና ወደ ወረቀቱ አቀረቀረ።

ምን በደልኩት? ስድስት ሳምንት ሙሉ ለፍቼ! አውቆ ነው፤ እንዲበላሽ ፈልጎ ነው። ጎግ ላይ የቤት ኪራይ ስንት እንደሆነ ሰው ጠየቅሁ። እንዲህ ብዬ መጻፌ ራሱ ያሳፍራል፤ ግን ጽፌዋለሁ።

ሚያዝያ 27፣ ሐሙስ

እኔ ቂል! እኔ ደንቆሮ!

ኦጆት ነው ያስረዳኝ፤ እየሳቀ፣ ግን በእኔ ላይ አይደለም። «እማማ ኛማል አማቱ ናት። ትንሿን ልጇን አምና አገባ። ልጅ ገና አልተወለደም። በኑዌር ወግ እስከዚያ ድረስ አማች አማቱ ፊት አይቀመጥም። ካያት መንገድ ይለቃል። አንተ ሶፋ ላይ አንድ ላይ አስቀመጥከው!»

ስለዚህ ነው ስሟን ሲሰማ ዝም ያለው። መናገርም አፍሮ ነው። እኔ ደግሞ ስለ ዝውውር አስባለሁ። አሁን ምን ይደረግ? ኃላፊው የሌለበት መክፈቻ የለም፤ ኛማል የሌለችበት መክፈቻ ደግሞ ለምን ይከፈታል?

አንድ ሰዓት ያህል በሮቹን አየሁ። ቁመታቸው ከሰው ይበልጣል። ከኋላቸው ሁለት ሜትር ከሩብ ባዶ ቦታ አለ። ከኋላም ይዘፍናሉ!

«ኦጆት!» ብዬ ጮህኩ። እሷ ከበሮቹ ጀርባ ትቀመጣለች! በሁለቱ መሐል ያለውን ክፍተት በሰሌን እንጋርዳለን፤ በጓሮ በር ገብታ ማንም ሳያያት ዘፈኗን ትሰማለች፤ እሱም ከፊት ሆኖ ንግግሩን ያደርጋል። ኦጆት ለአቶ ፓል ነገረው። አቶ ፓል ራሱ እግሩን አንስቶ ወደ እኔ መጣ፣ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠ። «ቴክኒሻን የሚሆን ልጅ ከክልሉ ብዙ እንፈልጋለን» አለ፤ «አንተ የምታስተምራቸው።» ለካ ያኔ ኮሪደር ላይ በሩ የዘጋብኝ ያን ነው!

ግንቦት 1፣ ሰኞ

ዝናብ። አርባ ደቂቃ። ቆርቆሮው ሥር የራሴን ጩኸት አልሰማሁም። የኢታንግ መንገድ ጨቀየ ይላሉ። አምስት ቀን ብቻ ያዝልን።

ግንቦት 4፣ ሐሙስ

ሰማዩ ጠራ። ለእማማ ኛማል ወንበር ከበሮቹ ኋላ አስቀመጥኩ፤ ሪል 17ን ከፈትኩና እሷ የምትሰማውን ልስማ ብዬ ተቀመጥኩ።

እዚህ ላይ ብዕሬ ቆሟል።

ከኋላ ሲቀመጡ ፊት ለፊት የሚታየው የበሮቹ ጀርባ ነው፤ የግራው በር በቀኝ ይሆናል። ያ ለሰባት ሳምንት ሲደክም የኖረው በር ጆሮዬን በጠሰው! ነጎድጓድ ነው! በውስጡም ሴት አለች። ጉምጉምታ አይደለችም፣ ጀነሬተር አይደለችም፤ ሴት ናት። ዝቅ ያለ፣ ሞቅ ያለ ድምፅ፤ ኛማል አንድ ስንኝ ስትል እሷ ተቀብላ ትመልሳለች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለች።

በጣቴ ቀኝ ጆሮዬን ደፈንኩ። ጸጥ አለ። ሁሉም ጸጥ አለ።

ግንቦት 5፣ ዓርብ

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጆሮዬን የወሰደው ወባው ይሁን ኪኒኑ ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም። ሳላውቅ ቀርቼ ነው ማለት ግን አልችልም፤ የካቲት ላይ ሰዓቴን ግራ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ቆማለች ብዬ ልጥላት ነበር። እየሠራች ነበር። ያንን እዚህ አልጻፍኩትም።

ጠዋት ኦጆትን አስቀምጬ ነገርኩት። «ግራ ጆሮዬ አይሰማም።» ስሜ ጆሮው ነው እኮ!

ኦጆት አልደነገጠም። «አውቃለሁ» አለ። «ሁለት ሰው ናቸው ስልህ የተቆጣህ መሰለኝ። ከዚያ ስጠራህ አልሰማህም። አሁን በቀኝ ነው የምጠራህ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ትልቅ ሰው ነህ። አንተ እስክትለው ጠበቅሁ።»

አፈርኩ። አቅፌው ብዙ ጊዜ ቆየሁ። ከዚያ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩትና «አንተ ስማ፣ እኔ ልግፋ» አልኩት። ባላንሱን ወደ መሐል መለስን። የግራውን በር አርባ ሳንቲም ወደኋላ ወሰድነው። እሱ «ትንሽ... ትንሽ... አቁም» ይላል፣ እኔ እገፋለሁ። ደስ አይልም ብዬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አለኝ። እኔ ስለ እንጨቱ፣ ስለ ርቀቱ፣ ስለ ማዘንበሉ አውቃለሁ፤ እሱ ይሰማል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰባት ሳምንት ያቃተኝ አለቀ። አቶ ፓል ገብቶ ሰማና «አሁን መስኮቱ ዝም አለ» አለ። ለእሱም ነገርኩት፤ ቆሜ፣ ሁሉንም። «ጅማ ሄደህ ተመርመር፣ መኪና እሰጥሃለሁ» አለኝ። ስለ ጎግ አላነሳም።

ካርዱ ላይ «ብቻዋን» የሚለውን ሰረዝኩት። የሚተካውን አላውቅም። ባዶ ተውኩት።

ግንቦት 6፣ ቅዳሜ

ተከፈተ! ከየት ልጀምር?

እማማ ኛማል ከኢታንግ በጭቃው ውስጥ አራት ሰዓት ተጉዛ ደረሰች። ረጅም ናት፣ ቀጭን ናት፣ የትምባሆ ፒፓዋን ይዛ ነው የመጣችው። በጓሮ በር አስገባናት። ሽማግሌዎቹ ከፊት ሞልተዋል፤ ጋሽ ወልደሥላሴ ሳይቀሩ ግድግዳ ያልተደገፈ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አቶ ፓል ሰሌኑን ሳያይ አጭር ንግግር አደረገ። ኦጆት ቴፑን ከፈተ።

እኔ ከኋላ ነበርኩ፣ ከእሷ ጎን። ለእኔ ለብቻዬ የሚሆን ሌላ ቦታ አልነበረም፤ ያችኛዋን ሴት የምሰማው ከዚያ ብቻ ነው።

ኛማል የራሷን ድምፅ ስትሰማ ሳቀች። ሁለተኛዋ ስትገባ ግን ሳቋ ቆመ። ፒፓዋን መሬት አስቀመጠች። ዘፈኑ ሲያልቅ ኦጆትን አስጠርቼ ማን ናት ብሎ እንዲጠይቃት ለመንኩት። ረጅም ነገር ተናገረች፤ እሱም በቀኜ ጎንበስ ብሎ ነገረኝ። «ጣውንቷ ናት። ኛቦል ይሏታል። ዘፈኑን የሠራችው ኛቦል ናት። ኛማል ድምጿ ትልቅ ስለሆነ ፈረንጁ እሷን ብቻ ጻፈ። ኛቦል ከሞተች ሁለት ክረምት አልፏል። ይሄ ድምፅ ያለ አይመስለኝም ነበር ትላለች። ድገሙልኝ ትላለች።»

ደገምንላት። በሁለተኛው ላይ እሷም ከፍ አድርጋ አብራ ዘፈነች። ከፊት ያሉት ሁሉ ድምፁ ከበሮቹ የወጣ መሰላቸው፤ አጨበጨቡ፣ ተነስተው ጨፈሩ። በሰሌኑ ቀዳዳ አቶ ፓልን አየሁት፤ እሱ የማን ድምፅ እንደሆነ አውቋል፤ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ይላል። እኔ አለቀስኩ፤ ለምን እደብቃለሁ?

ካርዱን ጻፍኩ፤ «ቁጥር 17። የኛቦል ዘፈን። ኛቦልና ኛማል። ሁለተኛውን ድምፅ የለየ፦ ኦጆት።»

ቤት ስሄድ ሺታዬ መንገድ ላይ ተቀበለችኝ። እንደለመደችው በቀኜ ዞረች። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ቆምኩ።

«ሺታዬ፣ በግራ ጆሮዬ አልሰማም።»

«አውቃለሁ» አለች። እሷም! «መጀመሪያ ተቀየምኩህ። ኋላ ጆሮህን ጠረጠርኩ፣ በቀኝህ እየሄድኩ መቼ ይነግረኛል ብዬ ጠበቅሁ። አንተ ስለ በሮችህ ብቻ ነበር የምታወራው።»

«ያን ቀን እዚህ ላይ ምን ነበር ያልሽኝ?»

ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አየሁ፤ ዐይኗ ግን እንባ ሞልቷል። «አርግዣለሁ ነበር ያልኩህ። አንተ ‹እሺ፣ ቅዳሜ› አልከኝ።»

አራተኛ ወሯ ነው። እናቴ ታውቃለች፣ ጤና ጣቢያው በሙሉ ያውቃል፣ ጥሬ ማንጎ የምትሸጥላት ሴትዮ ታውቃለች።

ድገሚልኝ አልኳት። ክንዴን ይዛ ወደ ቀኝ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ደገመችልኝ። መኪና አለፈ፣ ሁሉንም ሰማሁ። ቢሆንም አልሰማሁም ብዬ ሦስት ጊዜ አስባልኳት።